ሞንዡይክ 1975፦ ጠቡ ስለ ብሎን ነበር፣ የተሰበረው ግን ክንፍ ነው

የባርሴሎናን ኦሊምፒክ ስታዲየም በስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል፤ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው እዚያ ነው። ስታዲየሙ ሞንዡይክ በሚባል ኮረብታ ላይ ይገኛል። ደራርቱ እዚያ ከመሮጧ 17 ዓመት በፊት በስታዲየሙ ደጃፍ የሚያልፈው አስፋልት የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር መነሻ ነበር፤ ስታዲየሙም ለቡድኖቹ ጋራዥ ሆኖ አገልግሏል። (ዓመታቱ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕሪል 27 ቀን 1975፣ በእኛ ሚያዝያ 19 ቀን 1967፣ እዚያ የተጀመረው የስፔን ግራንድ ፕሪ 75 ዙር ሊሮጥ ታስቦ በ29ኛው ተቋረጠ። ሲመራ የነበረው መኪና የኋላ ክንፉ ተሰብሮ ከመንገዱ ዳር መከላከያ በላይ በረረና ቢያንስ አራት ሰዎች ገደለ።

ስለዚህ ውድድር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አጭር ነው፦ አሽከርካሪዎቹ የመከላከያው ብሎን አልጠበቀም አሉ፣ ተገድደው ገቡ፣ የፈሩት ደረሰ። ሐሰት የለበትም፤ ግን የተለያዩ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ያጣብቃል። አሽከርካሪዎቹ የፈሩት መከላከያው ተከፍቶ መኪና ያሳልፋል ብለው ነበር። የሞቱት ሰዎች ግን የሞቱት መከላከያው ስለተከፈተ አይደለም። ይህን ለይቶ ማየት ዛሬም በከተማ መንገድ ላይ የሚደረጉ ውድድሮች ምናቸው እንደሚያሰጋ ለመረዳት ይጠቅማል።

የከተማ መንገድ ከሌላው ትራክ በምን ይለያል?

ለውድድር ተብሎ የተሠራ ትራክ ከአስፋልቱ ውጭ ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። መኪናው ከመስመር ቢወጣ በጠጠር ወይም በተጨማሪ አስፋልት ላይ እየተንሸራተተ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አጥር ጋ ቢደርስም ጉልበቱ አልቆ ነው። የከተማ መንገድ ላይ ይህ ቦታ የለም። ከአስፋልቱ ጠርዝ ቀጥሎ የእግረኛ መንገድ፣ ዛፍ፣ የመብራት ምሰሶና የግንብ አጥር ነው ያለው። ሞንዡይክም በመናፈሻና በአሮጌ ሕንፃዎች መካከል ሽቅብ ቁልቁል የሚል፣ 3.79 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የከተማ ጎዳና ነበር።

በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 55 ሜትር ያህል ይጓዛል። መከላከያው ከመንገዱ ሦስትና አራት ሜትር ብቻ ርቆ ሲቆም አሽከርካሪው ፍሬን ለመያዝ ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ እንዲህ ባለው መንገድ ላይ የዳር መከላከያው ከመሪና ከፍሬን እኩል የመኪናው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ነው።

ሌላው የመኪናው ዓይነት ነው። የፎርሙላ ዋንም ሆነ የአሜሪካው ኢንዲ መኪና አራቱም ጎማዎቹ ከአካሉ ውጭ ወጥተው ይታያሉ፤ እንደ ቤት መኪና በላያቸው ላይ ቆርቆሮ የላቸውም። አሽከርካሪው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ መሬት ሊነካ ምንም ሳይቀረው ይቀመጣል። ይህ አሠራር መኪናውን ቀላልና ፈጣን ያደርገዋል፤ ግን ሁለት ጎማዎች ሲነካኩ መኪናው ሊነሣ ይችላል። እዚህ ላይ በኋላ እንመለስበታለን።

መከላከያው እንዴት ነው የሚሠራው? ብሎኑ ቢላላስ?

በ1975 በአብዛኛው ትራክ የነበረው መከላከያ በአውራ ጎዳና ኩርባ ላይ የምናየው፣ ሞገድ መሰል ቅርጽ ያለው የብረት ሰሌዳ ነው። ለውድድር ሲሆን ሁለት ወይም ሦስቱ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ ሦስቱ አንድ ላይ አንድ ሜትር ያህል ይቆማሉ። ሰሌዳዎቹ መሬት ውስጥ በተተከሉ ቋሚ ብረቶች ላይ ይታሰራሉ፤ ጫፋቸው ተደራርቦ እርስ በርሳቸውም ይታሰራሉ። በተለመደው አሠራር በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ስምንት ብሎን ይገባል። አደራረቡም መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ የተከተለ መሆን አለበት፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ የሰሌዳው ጫፍ መጪውን መኪና እንደ ጦር ይጠብቃል።

ብዙ ሰው መከላከያው መኪናውን የሚያቆመው ብረቱ ወፍራም ስለሆነ ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚያቆመው ስለተያያዘ ነው። ለጥምቀት ወጣቶች ታቦቱ እንዲያልፍ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን ሲገቱ አይተው ይሆናል። አንዱ ሲገፋ ጎኑ ያሉት ይሳባሉ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ፤ ግፊቱ ለሃያና ለሠላሳ ሰው ይከፋፈላል። ሁለቱ እጃቸውን ከለቀቁ ግን ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም እዚያው ቦታ ይከፈታል። ብሎን ማለት የእነዚያ ልጆች እጅ ነው።

ስለዚህ ብሎን ሲጎድል ወይም ዳዶው በጣት ብቻ ሲጠብቅ የሚሆነው ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛ፣ መጋጠሚያው ይለያይና የሰሌዳው ጫፍ ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ የታችኛው ሰሌዳ ተላቅቆ መኪናው በሥሩ ይሾልካል፤ መኪናው ዝቅተኛ ስለሆነ የላይኛው ሰሌዳ የሚያገኘው አሽከርካሪውን ነው። ሦስተኛ፣ ቋሚው በልል አፈር ላይ ከተተከለ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ያን ጊዜ መከላከያው መኪናውን ማንደርደሪያ ይሆነዋል።

አሽከርካሪዎቹ ለምን ያን ያህል ተቆጡ?

ሁለተኛው ዓይነት አደጋ ገና ከስድስት ወር በፊት ስለደረሰ ነው። በኦክቶበር 1974 በአሜሪካ ዋትኪንስ ግሌን ኦስትሪያዊው ሄልሙት ኮይኒግ መከላከያውን መትቶ የታችኛው ሰሌዳ ስለለቀቀ መኪናው በሥሩ ገባ፤ ሰውዬው ወዲያው ሞተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚያው ትራክ ላይ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሴቨር በመከላከያ ላይ ሕይወቱ አልፏል። ስለዚህ በ1975 ጸደይ አንድ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪ ያላለቀ መከላከያ ሲያይ የሚያስበው የባልደረባውን ቀብር ነበር።

ሞንዡይክ ሲደርሱ ያዩት ይህንኑ ነው። አንዳንዱ ብሎን ዳዶ የለውም፤ አንዳንዱ በእጅ ይዞራል፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ጭራሽ ባዶ ነው። የአሽከርካሪዎች ማኅበር ዓርብ ዕለት ወደ ልምምድ አንገባም አለ። የማኅበሩ አባል ያልነበረው ቤልጅየማዊው ዣኪ ኢክስና ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ብራምቢላ ብቻ ወጡ። ቅዳሜ የአዘጋጆቹ ሠራተኞችና የቡድኖቹ መካኒኮች ቁልፍ ይዘው በመንገዱ ዳር ተሰማሩ፤ የራሱ ቡድን ባለቤት የነበረው ኬን ቲረል ሳይቀር ብሎን ሲያጠብቅ ታይቷል።

ይህን ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። 3.79 ኪሎ ሜትር መንገድ በግራና በቀኝ ሲቆጠር ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ መከላከያ ነው። አንድ ሰሌዳ አራት ሜትር ቢሆን፣ ባለ ሦስት ደረጃ ከሆነ፣ በየመጋጠሚያው ስምንት ብሎን ተብሎ ሲሰላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ብሎን ይመጣል። ይህን በአንድ ቀን፣ የራሳቸው መኪና ሥራ ባለባቸው መካኒኮች ማዳረስ አይቻልም፤ የሚቻለው የከፋውን መርጦ ማጥበቅ ነው። የተደረገውም ያ ነው።

ታዲያ ለምን ገቡ?

መኪኖቹ ያሉት ስታዲየሙ ውስጥ ነው አላልንም? አዘጋጆቹ ቡድኖቹ ካልተወዳደሩ ውል አፍርሳችኋል ብለው እንደሚከሱና መኪኖቹን በስፔን ጸጥታ ኃይል፣ በጓርዲያ ሲቪል፣ እንደሚያስይዙ አስታወቁ። በዙሪያው ግንብ ያለውን ስታዲየም በር መዝጋት ቀላል ነው። የስፔን አምባገነን መሪ ጄኔራል ፍራንኮም ገና በሕይወት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ስፔን እንዲህ ያለውን ዛቻ እንደ ቀልድ የሚወስድ ሰው አልነበረም። የቡድን ባለቤቶቹ አሽከርካሪዎቻቸውን መለመን ጀመሩ፤ የማኅበሩ አቋም ላላ።

የዓለም ሻምፒዮኑ ኤመርሰን ፊቲፓልዲ ግን አልተለወጠም። ውሉ የሚጠይቀውን ለመሙላት ቅዳሜ ሦስት ዙር ቀስ ብሎ ነዳ፤ እሑድ ጠዋት አልወዳደርም ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ወንድሙ ዊልሰን ፊቲፓልዲና ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜርዛሪዮ ደግሞ ውድድሩን ጀምረው ከአንድ ዙር በኋላ በተቃውሞ ወደ ፒት፣ ቡድኖቹ መኪናቸውን ወደሚያስተካክሉበት ቦታ፣ ተመለሱ።

ክንፉስ ምንድን ነው? ለምን ተሰበረ?

የውድድር መኪና ክንፍ የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ነው። አውሮፕላኑን አየሩ ወደ ላይ ሲያነሣው መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። የጭነቱ መጠን ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ100 ወደ 200 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የኋላውን ክንፍ የያዘው ዘንግ አራት እጥፍ ይሸከማል ማለት ነው። ጎማው መሬት የሚነክሰውም በዚያ ጭነት ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ያለ ክንፍ ፈጽሞ በማይደፍረው ፍጥነት ኩርባ ይገባል። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ክንፉ ሲነቀል የኋላ ጎማዎቹ በቅጽበት ይቀላሉ፤ የፊት ክንፉ ግን አፍንጫውን መጫኑን አያቆምም። መኪናው ጅራቱን አስቀድሞ ይዞራል፤ በመሪ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ሞንዡይክ በዚህ ረገድ ክፉ ታሪክ ያለው ቦታ ነበር። ከመነሻው መስመር በኋላ መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ ድንገት ይወርዳል። መኪናው አናቱን ሲያልፍ ይቀልላል፣ ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል፤ የክንፉ ማያያዣ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ አንድ ጊዜ ይመታል። በሜይ 1969 እዚያው መንገድ ላይ የሎተስ ቡድን ሁለት መኪኖች፣ የግራሃም ሂልና የዮኸን ሪንት፣ አንዱ ከሌላው በኋላ የኋላ ክንፋቸው ታጥፎ ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ክንፎቹ በረጃጅም ቀጫጭን ዘንጎች ላይ፣ ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ይቆሙ ነበር። ሁለቱም በሕይወት ወጡ፤ ሪንት መንጋጋው ተሰበረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሞናኮ ረጃጅሞቹ ክንፎች ታገዱ፤ ከዚያ ወዲህ ክንፍ ዝቅ ብሎ ከመኪናው አካል ጋር እንዲያያዝ ተደረገ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የተሰበረው ክንፍ የማን ነበር? ያው ግራሃም ሂል በ1975 የራሱ ቡድን ነበረው፤ መኪናውን የሚነዳለት ጀርመናዊው ሮልፍ ሽቶመለን ነው። አዲሱ መኪናቸው የኋላውን ክንፍ የሚይዘው ዘንግ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ነበር። ካርቦን ፋይበር በዚያን ጊዜ ለውድድር መኪና ገና እንግዳ ነበር፤ የመኪናው አካል በሙሉ ከካርቦን የተሠራው ገና በ1981 ነው። ቁሱ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን ከብረት ይለያል። ብረት ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ መካኒክ በዓይኑ አይቶ ይለውጠዋል። ካርቦን ግን ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ሊላላ ይችላል፤ ሲሰበርም በአንድ ጊዜ ነው። ከብረት ጋር በማጣበቂያ ወይም በብሎን የሚጋጠምበት ቦታ ደግሞ ደካማ ጎኑ ነው፤ ዛሬም በድምፅ ሞገድ የሚመረመረው ስለዚህ ነው።

በ26ኛው ዙር የሆነው ምንድን ነው?

ውድድሩ ከመነሻው የተበላሸ ነበር። ፊት ላይ የተሰለፉት ሁለቱ ፌራሪዎች በመጀመሪያው ኩርባ ተጋጩ፤ ኒኪ ላውዳ አንድ ዙር ሳይጨርስ ወጣ። ከፈነዳ ሞተር የፈሰሰ ዘይት ሌሎችን አንሸራተተ፤ ሲመራ የነበረው ጄምስ ሃንትም መከላከያው ላይ ቀረ። ቀጥሎ የመራው ማሪዮ አንድሬቲም ወጣ። ልብ ይበሉ፤ እስከዚህ ድረስ መከላከያው ደጋግሞ ተመትቷል፣ ሰው ግን አልሞተም። በዚህ ሁኔታ ነው ሽቶመለን ትንሽ ቡድን ይዞ መሪ የሆነው።

በ26ኛው ዙር የኋላ ክንፉ ተነቀለ። መኪናው በአንድ በኩል ያለውን መከላከያ መታ፤ ቦታው የራሱ ቡድን መካኒኮች ቅዳሜ ያጠበቁት እንደነበር ይነገራል። መከላከያው ጸና። ከዚያ ተመልሶ መንገዱን አቋርጦ በሌላው በኩል ያለውን መታና በላዩ በረረ። ከኋላው የነበረው ካርሎስ ፓቼ ሊያመልጠው ሲል እሱም ተጋጨ። ከመከላከያው ጀርባ የነበሩት አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ፎቶ አንሺዎችና ተመልካች ናቸው የሞቱት። ሽቶመለን እግሩና የእጁ አንጓ ተሰብሮ፣ የጎን አጥንቱ ተሰንጥቆ ተረፈ።

እንግዲህ የአሽከርካሪዎቹ ክስና አደጋው የሚገናኙት የት ላይ ነው? በብሎኑ ላይ አይደለም። አንድ ሜትር የሚቆም የብረት ሰሌዳ፣ ብሎኑ በሙሉ ጠብቆ ቢሆን እንኳ፣ መሬት ላይ ለሚንሸራተት መኪና የተሠራ ነው፤ ከመሬት የተነሣን መኪና አይዝም። የጎደለው ከሰሌዳው በላይ አጥር፣ ከሰሌዳው ጀርባ ደግሞ ባዶ ቦታ ነው። ሰዎች መቆም የሌለባቸው ቦታ ላይ ቆመው ነበር፤ ያም ቦታ የተፈቀደላቸው ነው። በዚያ ሳምንት ስለ ብሎን ብዙ ሲባል ስለዚህ የተባለው እጅግ ያነሰ መሆኑ ያስገርማል።

ውድድሩ ለምን ወዲያው አልቆመም? ግማሽ ነጥብስ?

መኪኖቹ አደጋው በደረሰበት ቦታ አጠገብ እያለፉ ተጨማሪ ዙሮች ሮጡ። ዛሬ አንድ ዳይሬክተር ከብዙ ካሜራ ፊት ተቀምጦ በአንድ ቁልፍ በትራኩ ሁሉ ቀይ መብራት ያበራል። ያኔ ወሬው በስልክና በባንዲራ ነበር የሚሄደው፤ ኃላፊውም ያየውን ሳይሆን የተነገረውን ይዞ ነው የሚወስነው። መኪኖቹን አሰልፎ የሚያዘገየው የደኅንነት መኪና በፎርሙላ ዋን በመደበኛነት የገባው በ1993 ነው።

ውድድሩ ሲቋረጥ ጀርመናዊው ዮኸን ማስ ይመራ ነበር፤ አሸናፊ ተባለ። የፊቲፓልዲ የቡድን ባልደረባ ነው፤ በሙያ ዘመኑም ሌላ ግራንድ ፕሪ አላሸነፈም። ደንቡ ከታሰበው ርቀት 60 በመቶ ካልተሮጠ ግማሽ ነጥብ ይሰጣል ይል ነበር። 29 ከ75 ወደ 39 በመቶ ነው። በዚያን ጊዜ አንደኛ 9፣ ስድስተኛ 1 ነጥብ ያገኝ ስለነበር፣ ማስ 4.5 ወሰደ። ስድስተኛ የወጣችው ጣሊያናዊቷ ሌላ ሎምባርዲ (Lella Lombardi) ግማሽ ነጥብ አገኘች፤ በፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ ያስመዘገበች ብቸኛዋ ሴት እስካሁን እሷ ናት። ስሟ በየመዝገቡ የሚጠቀሰው ከዚህ ቀን ጋር መሆኑ ያሳዝናል። በ2022 የወጣው ሰንጠረዥ ግማሽ ነጥብን በደረጃ ተክቶታል፤ ከ25 እስከ 50 በመቶ ተሮጦ የቆመ ውድድር ለአሸናፊው ከ25 ነጥብ 13ቱን ይሰጣል።

ክንፉ ሳይሰበርም መኪና ለምን ይበራል?

የሚሽከረከርን ጎማ በጎን ይመልከቱ። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የጎማው የፊት ገጽ ወደ ታች፣ የኋላ ገጹ ወደ ላይ ይሄዳል። አሁን ከኋላ የመጣ መኪና የፊት ጎማው ከፊቱ ያለውን መኪና የኋላ ጎማ ይንካ። ከፊት ያለው ጎማ የኋላ ገጹ ወደ ላይ እየሮጠ ነው፤ የተከታዩ የፊት ገጽ ወደ ታች እየሮጠ ነው። ላስቲክ ላስቲክን ሲይዝ ሁለቱም እንቅስቃሴ የተከታዩን መኪና ወደ ላይ ይገፋል። ጎማው በጎማው ላይ ይወጣና መኪናው ይነሣል። ወለሉ ደግሞ ጠፍጣፋ ስለሆነ አፍንጫው አንዴ ከተነሣ አየሩ ከሥሩ ገብቶ ያግዘዋል። ቆርቆሮ ያላቸው መኪኖች ቢነካኩ ይቧጨራሉ፤ እነዚህ ግን ይወጣሉ።

በጁላይ 1996 በቶሮንቶ ከተማ ጎዳና ላይ በተደረገው የኢንዲ መኪኖች ውድድር የሆነው ይኸው ነው። ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀር አሜሪካዊው ጄፍ ክሮስኖፍ ከስዊድናዊው ስቴፋን ዮሃንሰን ጎማ ጋር ተነካክቶ ተነሣ፤ በመከላከያው አጥር ላይ ሄዶ ከመንገዱ ዳር ዛፍና የመብራት ምሰሶ መታ። ክሮስኖፍና አንድ የትራክ አስተናባሪ ሞቱ። ያሸነፈው ሜክሲኳዊው አድሪያን ፌርናንዴዝ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በዚያ ቀን ነው። ዛፉና ምሰሶው የከተማው ንብረት ናቸው፤ ለውድድር ሲባል አይነቀሉም። የከተማ መንገድ ችግር ይህ ነው፤ መንገዱ በዓመት ለሦስት ቀን ትራክ፣ በቀረው ጊዜ መንገድ ነው።

በማርች 2001 በሜልበርን አልበርት ፓርክ ደግሞ ዣክ ቪልነቭ በራልፍ ሹማኸር መኪና ላይ ወጣ፤ ከመኪናው የተነቀለ ጎማ አስተናባሪዎች በሚገቡበት የአጥር ክፍተት አልፎ አንዱን አስተናባሪ ገደለ። አሽከርካሪዎቹ በእግራቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ?

ከመኪናው እንጀምር። ከ1999 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ጎማ ከአካሉ ጋር በጠንካራ ገመድ ይታሰራል፤ በ2011 ለእያንዳንዱ ጎማ ሁለተኛ ገመድ ተጨመረ። ገመዱ በጎማ ማያያዣው ክንዶች ውስጥ ያልፋል፤ ክንዱ ሲሰበር ጎማው ከመኪናው ጋር ይጎተታል እንጂ አይሄድም። ሁልጊዜ ግን አይይዝም፤ በከባድ ግጭት ገመዱም ይበጠሳል። የአሽከርካሪውን ራስ የሚጠብቀው ሄሎ የሚባለው ቅስት በ2018 ገባ፤ የኢንዲ መኪኖች በ2020 ከፊቱ መስታወት መሰል ሽፋን ጨመሩበት። ኢንዲዎች ከ2012 ጀምሮ የኋላ ጎማቸውን ከጀርባ የሚሸፍን አካል ሠርተው ነበር፤ ጎማ በጎማ ላይ እንዳይወጣ ታስቦ ነው። በ2018 መልሰው አነሡት።

መንገዱ ላይ ደግሞ የብረቱ ሰሌዳ በብዙ ቦታ አንድ ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው፣ እርስ በርስ በተቆላለፉ የኮንክሪት ብሎኮች ተተክቷል። ከብሎኩ በላይ አጥር ይቆማል። አጥሩ ሁለት ሥራ አለው፤ መረቡ ስብርባሪ ይይዛል፣ በመረቡ ውስጥ አግድም የተወጠሩት የብረት ካቦዎች የመኪናውን ክብደት ይይዛሉ። ካቦ የሌለው መረብ ለመኪና ጨርቅ ነው። ቋሚዎቹ ከመረቡ ጀርባ፣ በተመልካቹ በኩል መሆን አለባቸው፤ ጫፋቸውም ወደ መንገዱ ይጎብጣል፣ የሚወጣውን መልሶ እንዲያወርድ። አደገኛው ነገር ቋሚው ራሱ ነው፤ በ2011 በላስ ቬጋስ ሞላላ ትራክ ዳን ዌልደን የሞተው መኪናው ወደ አጥሩ በርሮ ራሱ ቋሚ ስለመታ ነው።

ሰው የሚቆምበትም ቦታ ተለውጧል። በኖቬምበር 2018 በማካው ጎዳና የ17 ዓመቷ ጀርመናዊት ሶፊያ ፍሎርሽ የፎርሙላ ሦስት መኪናዋ ወደ ኋላ ዞሮ ተነሣ፤ አጥሩን ጥሶ ፎቶ አንሺዎች የሚቆሙበትን ማማ መታ። አከርካሪዋ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ዳነች። አንድ ሌላ አሽከርካሪ፣ አንድ አስተናባሪና ፎቶ አንሺዎች ተጎዱ፤ የሞተ የለም። አጥሩ መኪናውን አላቆመውም፤ ጉልበቱን ግን በላበት። ሞንዡይክ ላይ በመኪናውና በሰዎቹ መካከል እንዲህ ጉልበት የሚበላ ነገር አልነበረም።

እምቢ የማለት መብቱስ? ዛሬ ትራኩ በዓለም አቀፉ የመኪና ፌዴሬሽን ተመርምሮ ፈቃድ ካላገኘ መኪና አይወጣበትም፤ ብሎን ማጥበቅም የመካኒክ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ ውጭ ላለው ጉዳይ ግን የአሽከርካሪው ድምፅ ያኔ እንደነበረው በድርድር የሚወሰን ነው። በማርች 2022 ጅዳ ላይ፣ ከትራኩ ብዙም ሳይርቅ ያለ የነዳጅ ማከማቻ በሚሳይል ሲመታ አሽከርካሪዎቹ እስከ ሌሊት ተሰብስበው ተከራከሩ፤ በማግስቱ ግን ወጡ።

ሞንዡይክስ ምን ሆነ?

ፎርሙላ ዋን ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሶ አልተወዳደረበትም። የሞተር ሳይክል የ24 ሰዓት ውድድር እስከ 1986 ቀጥሎ እሱም ቆመ። የስፔን ግራንድ ፕሪ ወደ ሃራማ፣ ከዚያ ወደ ኼሬዝ፣ ከ1991 ጀምሮ ደግሞ ከባርሴሎና ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ሞንትሜሎ ሄደ፤ ሦስቱም ለውድድር ተብለው የተሠሩ ናቸው። በጃንዋሪ 2024 በታወጀው ውል መሠረት ግን የስፔን ግራንድ ፕሪ ከ2026 እስከ 2035 የማድሪድ ነው። ትራኩ የከተማዋን የኤግዚቢሽን ማዕከል ይዞራል፤ ከፊሉ ለውድድሩ የሚሠራ፣ ከፊሉ መኪናና አውቶቡስ በየቀኑ የሚሄዱበት ጎዳና ነው።